ከሐኪም ቤት ወደ ፍርድ ወንበር፦ የጎንደሩ ወርቅነህ እሸቴ

ባለፈው መስከረም አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። የዳባት ልጅ ናት። በመደበኛው ጤና መኮንን ትማራለች፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ማኔጅመንት ጀምራ ሁለት ዓመት ገፍታበታለች። ልቧ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሕግ መማር ትፈልጋለች። ጤናውን ጨርሳ ሕግ ለመግባት አስባለች፤ የቸገራት የማኔጅመንቱ ነገር ነው። ሁለተኛውን ዲግሪ ከግማሽ ላይ ትታው ትሂድ ወይስ እንደምንም ጨርሳው? ለክፍያው አባቷ አንድ በሬ ሸጠዋል። ስለዚህ ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም፤ የበሬውም ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣብኛል፣ እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ሳይደርስባችሁ አይቀርም። የዚያን ቀን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠኋትም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ትዝ ያሉኝ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ የኮሌጃችን ተማሪ የለም፤ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እያልን ተምረናቸዋል። ዳኛ እንደነበሩ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እኔም ራሴ ተመርቄ ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሰማሁት። የዘንድሮው መጽሔት ስለ አንድ የአገራችን ሰው ሕይወት ጻፍ ሲለኝ፣ በዚያች ልጅ ጥያቄ በኩል ልጽፈው ወሰንኩ።

ወርቅነህ ጎንደር ከተማ ውስጥ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። ጊዜው ለጎንደር ክፉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸውን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ አዙረው ነበር፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። የሕፃኑ ቤተሰብ ከንጉሡ ሰዎች ጋር መቅደላ ደርሶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝና ንጉሡ ራሳቸውን ሲገድሉ፣ በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ከወገኖቹ ተለየ። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን አግኝቶ ወሰደውና ጦሩ ሲመለስ ሕንድ አገር ገባ።

ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ቻምበርሌን ሞተ። ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል ኃላፊነቱን ተረክቦ የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ፤ ስሙም የሁለቱን መኮንኖች ስም ይዞ ቻርልስ ማርቲን ሆነ። አማርኛው ጠፋ፣ የአባቱ ስም ጠፋ። ከአቢሲኒያ የመጣ ልጅ መሆኑ ብቻ ቀረለት።

ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው፤ በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመርቀዋልና። ዕድሜያቸው ገና አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ነበር። በሕንድ መንግሥት የሕክምና አገልግሎት ጥቂት ዓመታት ሠርተው ደግሞ ወደ ስኮትላንድ ተሻገሩ። ለእኔ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ኤድንብራ ሲደርሱ ብዙ በር ክፍት ነበረ፤ የፈለጉትን ሌላ ሙያ መጀመር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ያንኑ የያዙትን ሕክምና እንደገና አጠኑት። ከኤድንብራና ከግላስጎው የሐኪሞችና የቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ፈቃድ አገኙ። ከዚያ በርማ ሄደው በመንግሥት ሐኪምነት ለብዙ ዓመታት አገለገሉ። አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ማለት ነው። በዛሬ አነጋገር ሁለተኛ ሜጀር አልጨመሩም፤ የመጀመሪያውን አጠበቁ።

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ወሬ በርማ ደረሰ። ወሬው የዓለሙን ጋዜጣ ሁሉ የሞላ ነበርና ሐኪም ማርቲንም ሰሙ። የማያውቁት አገራቸው ጠራቸው። ለጊዜው ከሥራ ፈቃድ ወስደው በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ያለ ክፍያ ማከም ጀመሩ። ዐፄ ምኒልክም ተቀበሏቸው። አንድ ቀን ግን አያታቸው መጡ፤ ጠፍቶ የቀረው የልጅ ልጃቸው እሳቸው መሆናቸውን ከሕፃንነት ጀምሮ በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩ። ቻርልስ ማርቲን ወርቅነህ መባላቸውን፣ አባታቸው እሸቴ መሆናቸውን ያወቁት ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። አማርኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ ከፊደል ጀምረው ተማሩት። ይህንን ሳነብ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ አያትየው ናቸው፤ ሐኪሙን በገላው ምልክት የመረመሩት እሳቸው ናቸው።

በርማ ተመለሱ። ከ1900 እስከ 1905 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው አዲስ አበባ ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። አሁንም ወደ በርማ ሄደው በመጨረሻ ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው በ1911 ዓ.ም. ለሁልጊዜው አገራቸው ገቡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ጡረታ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ሙያ አለ። ክሊኒክ ከፍቶ አርፎ መኖር ይቻል ነበር። ያ ግን አልሆነም፤ በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ መኮንን ዘመን፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም.፣ የልዩው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ።

ይህ ፍርድ ቤት ምን እንደነበረ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም። የሕግ ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ይህን ያውቁታል፤ እኛ የጤና ሰዎች ግን ብዙም አንሰማውም። በ1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚታወቀውን ውል ተፈራረመች። በሰባተኛው አንቀጽ መሠረት የፈረንሳይ ዜጋ በወንጀል ሲከሰስ የሚዳኘው በራሱ አገር ሥልጣን ነው፤ ይህም የሚቆየው የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ ነው። በፈረንሳይ ሰውና በኢትዮጵያዊ መካከል ክርክር ቢነሣ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንስሉ አብረው ተቀምጠው ይፈርዳሉ፤ የሚፈረደውም በተከሳሹ አገር ሕግ ነው። የሌሎች አገሮች ሰዎችም በዚሁ ጥላ ሥር ገቡ። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ ዓረቡም የአንዱ ወይም የሌላው ቆንስላ ጥገኛ ሆኖ ይቀርባል።

እንግዲህ አስቡት። የአዲስ አበባ ነጋዴ ለውጭ አገር ሰው ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ እንበል። ከሶ ሲሄድ ከዳኛው ጎን የተቀመጠው የተከሳሹ ቆንስል ነው፤ የሚነበበውም የተከሳሹ አገር ሕግ። ኢትዮጵያዊው ዳኛ ቋንቋውን ካላወቀ፣ የፈረንጁን ወረቀት አንብቦ ካልተረዳ፣ ወንበሩ ላይ መቀመጡ ለይስሙላ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ዳኛ ለወገኑ ካዳላ፣ ቆንስሎቹ የኢትዮጵያ ዳኝነት ገና አልበሰለም ብለው ውሉን ለማራዘም ምክንያት ያገኛሉ። የአገር ሉዓላዊነት በየዕለቱ፣ በየብድሩና በየኪራዩ ክርክር ይመዘን ነበር ማለት ነው።

ወርቅነህ ለዚህ ወንበር የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል። እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻ ይናገራሉ፤ የእንግሊዝን ቢሮ፣ የፋይሉን ሥርዓት፣ የደብዳቤውን ወግ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረውበታል። ሕንድ ያደጉ በመሆናቸው የሕንዱን ነጋዴ ጠባይ ያውቃሉ። ከቆንስሉ ጋር በእኩልነት ተቀምጠው መነጋገር ይችላሉ። ራሳቸውም በሁለት ስምና በሁለት መንግሥት መካከል የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ጡረታቸው ከእንግሊዝ፣ ሹመታቸው ከኢትዮጵያ። አንዱ በዚህ ይጠራጠራቸዋል፣ ሌላው በዚያ። ለዳኛ የማይመች ነገር ነው፤ ምናልባት ግን የሁለቱንም ወገን ቋንቋ ለመስማት የጠቀማቸው ይኸው ነው።

ነገር ግን ሕግ አልተማሩም። ይህንን ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። ስለ ትልልቅ ሰዎች ስንጽፍ ሁሉን ቻይ ማድረግ እንወዳለን፤ ሐኪም ሆኖ ዳኛ፣ ዳኛ ሆኖ መምህር፣ መምህር ሆኖ አምባሳደር፣ እያልን ስንደረድር ተማሪዎቻችን ሁሉን መያዝ ይቻላል ብለው ይሄዳሉ። እሳቸው ያን ሁሉ የያዙት አገሪቱ ሰው ስላጣች ነው። አንድ የተማረ ሰው ሲገኝ አምስት ወንበር ይጠብቀው ነበር።

ደግሞስ ልማር ቢሉ የት ይማሩት ነበር? በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበረው የሕግ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት። ወርቅነህ በመቅደላ ባይጠፉና ጎንደር ቢያድጉ ኖሮ መንገዳቸው ምናልባት ይኸው በሆነ ነበር። የእኛ ከተማ ከሁሉ በላይ የምትታወቅበት የአቋቋም ትምህርት በበዓታ ነው፤ የመጻሕፍቱም ትርጓሜ በጎንደር ስም ይጠራል። ፍትሐ ነገሥት የሚሰማው ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋር ነው። ሃምሳ አንድ አንቀጽ አለው፤ ሃያ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የቀረው ሃያ ዘጠኙ ሥጋዊ ፍርድ፦ ብድር፣ ዋስ፣ ሽያጭ፣ ውርስ፣ ጋብቻ፣ ምስክር። መጽሐፉ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው፤ ያሰባሰበው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ግብጻዊ ክርስቲያን፣ ኢብን አል ዐሳል ነው። የጎንደር ነገሥታት ችሎት ላይ ሊቃውንቱ እየጠቀሱ የፈረዱበት እሱ ነው።

እና ያች የዳባት ልጅ ያመጣችው ጥያቄ በዚያ ትምህርት ቤትም አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከደጓ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ አቋቋም፣ ከአቋቋም ወደ መጽሐፍ ሲሻገር አንዱን ከግማሽ የሚተውበት ጊዜ አለ። ዜማ ለጉሮሮ ነው፤ ጉሮሮው እንቢ ያለው ልጅ አቋቋሙን ትቶ ወደ ትርጓሜ ይሄዳል። ስሙ እንደ ሰነፍ አይነሣም። የሚጠየቀው የሄደበትን ጨርሶ እንደሆነ ነው። የተወውም ዜማ ቢሆን ከእሱ ጋር ይኖራል፤ መጽሐፉን ሲያነብ ንባቡ ይቃናለታል።

ወርቅነህም የተዉት ሕክምና አብሯቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሐኪም በሽተኛውን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያደርገው ማዳመጥ ነው፤ ሕመምተኛው የሚለውንና ገላው የሚለውን ለይቶ መስማት። ምስክር የሚሰማ ዳኛም ሥራው ይኸው ነው። የመረመሩትን መጻፍ፣ ቀኑን መያዝ፣ ያላዩትን አለማስገባት፤ ይህ ሁሉ ከላሆር ጀምሮ የለመዱት ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የጤና ሰው ስለሆንኩ አድልቼም ይሆናል።

የጎደላቸውም ነገር አለ። በወርቅነህ በኩል የሚጠቀስ የታተመ ኮድ አልነበረም። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀል ሕግ የወጣው በ1923 ዓ.ም. ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ገና በ1952 ዓ.ም.። ቆንስሉ የናፖሊዮንን ኮድ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር፣ በዚህ በኩል ያለው ፍትሐ ነገሥትና የአገር ልማድ ነው። ሕግ የተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ፍርዱን በምክንያት አስደግፎ ለቀጣዩ ዳኛ መንገድ ይተው ነበር፤ ወጣት ረዳቶችንም በሕግ ያሠለጥን ነበር። አንድ ብልህ ሰው ወንበሩን ቢሞላውም፣ ሰውየው ሲነሣ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ሰውም ከዚያ ወንበር ቶሎ ተነሥተዋል። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊው ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ።

የቀረውን በአጭሩ ላውጋችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1920 ዓ.ም. የጣና ግድብ ጉዳይ ይዘው አሜሪካ ሄዱ። እዚያ ከአንድ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ ኒውዮርክ ሐርለም ገብተውም ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። የጎንደር ልጅ ጣናን ለማስገደብ ኒውዮርክ መሄዱን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ግድቡ ግን አልተሠራም። የባሪያ ንግድን በመቃወም ነፃ የወጡ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ከዚያ የጨርጨር ገዥ ሆነው በአሰበ ተፈሪ መንገድ አሠሩ፣ አስተዳደሩን በደመወዝና በመዝገብ ለማስያዝ ደከሙ። አዛዥ የሚለው ማዕረግ ከስማቸው ጋር የተያያዘ ነው።

በ1927 ዓ.ም. ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ጣሊያን ሲወርር በእንግሊዝ አገር ድምፃችን እሳቸው ነበሩ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ስብሰባ ለስብሰባ እየዞሩ ገንዘብና ወዳጅ ፈለጉ። ያሳደጋቸው አገር ጆሮ ሲነፍጋቸው ምን እንደተሰማቸው መገመት ይቻላል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የከፋው መጣ፤ እንግሊዝ አገር አስተምረዋቸው የተመለሱት ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፣ ቤንጃሚንና ዮሴፍ፣ አዲስ አበባ ላይ በፋሽስቶች ተገደሉ። አባትየው ለንደን ሆነው ነው የሰሙት።

በ1934 ዓ.ም. አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ወጥቶ ፍርድ ቤቶች በአዲስ መልክ ተደራጁ። በልዩው ፍርድ ቤት ቆንስል ከጎናቸው አስቀምጠው የተከራከሩበት ነገር፣ የውጭ ሰው ለብቻው የሚዳኝበት ሥርዓት፣ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ታሪክ ሆነ። ሕግ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በራሱ ፋኩልቲ መማር የተጀመረው ግን በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐኪም ወርቅነህ መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. አርፈዋል። የእኛ የጤና ኮሌጅ ጎንደር ላይ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም. ነው።

ተማሪዋ በኅዳር ተመልሳ መጣች። ይህንን ታሪክ እንዳለ ነገርኳት፤ ወርቅነህ ሁለት ሙያ ጎን ለጎን እንዳልጀመሩ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ እንደተማሩት፣ ወደ ፍርድ ወንበር ሲሄዱም ሕግ ሳይማሩ መሄዳቸው እንደጎዳ። ማኔጅመንቱን ተይው ወይም ጨርሺው አላልኳትም። የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፤ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ማመልከቻ ስትጽፍ ማኔጅመንቱ ምን እንዲመሰክርላት እንደምትፈልግ። ትንሽ አሰበችና ምንም አለች። ጤናው ግን ብዙ ይመሰክርልኛል አለች፤ በደባርቅ ጤና ጣቢያ ለልምምድ በወጣችበት ጊዜ የተደፈረች ልጅ መጥታ፣ ማስረጃውን እንዴት እንደሚይዙት የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ ነገረችኝ። ሕግ የፈለገችው ለዚህ ኖሯል፤ ለሁለት ወር ሳልጠይቃት ቆይቻለሁ።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ምዝገባ ሲደርስ ለማኔጅመንቱ አልከፈለችም። የከፈለችበትን የሁለት ዓመት ውጤት ግን ማኅተም አስደርጋ ወስዳለች። ለአባቷ ራሷ ሄዳ ነግራለች፤ ገና እንዳልታረቁ ሰምቻለሁ።